አሥራ ዘጠኝ ሮንዴላ

ማግኔት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አልወድም ነበር። አሁን ሳወራው ራሴን እታዘባለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ ልክ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። ምስማር፣ ቡሎን፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ቀለም፣ የበር ቁልፍ፣ ምን የማልሸጠው አለ! ሱቁ የወንድሜ ነበር፤ ወገቡን ሲያመው “አንድ ወር ብቻ ያዢልኝ” ብሎ ትቶልኝ፣ ይኸው ያ አንድ ወር እስከ ዛሬ አላለቀም። ወንድ በሚመላለስበት ሱቅ ሴት ሆኖ መቆም ማለት ቀኑን ሙሉ “የሚያስተናግድ ሰው የለም እንዴ?” መባል ነው። እኔ ሰው አይደለሁም ማለት ነዋ! ስለዚህ ምላሴን አሾልኩት። ደንበኞቼ ከኋላዬ “ክብሪቷ” ይሉኛል፤ ቅናሽ ካልፈለጉ ከፊቴም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ቶሎ እጫራለሁ፣ ቶሎ እጠፋለሁ። የጋሽ ሮንዴላም ነገር ከዚሁ አመሌ ጋር የተያያዘ ነው።

ጋሽ ሮንዴላን ይህን ስም ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍም ሲል ነው የተዉት። እያንዳንዱ ጣታቸው የመዶሻ እጀታ ያክላል። መጀመሪያ የመጡ ቀን “ትንሿን የነሐስ ሮንዴላ ስድስት ስጪኝ” አሉኝ። ሮንዴላ ቡሎን ሲታሰር ከሥር የምትገባዋ፣ መሐሏ የተበሳ ክብ ቁራጭ ናት፤ ትንሿ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። በማግስቱ ደግሞ አራት ጠየቁኝ። ከዚያ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ አንድ ሜትር። በሦስተኛው ሳምንት አላስቻለኝም።

“ጋሼ፣ በዚህች የሚጠገነው ምን ዓይነት ቧንቧ ነው? የጉንዳን ቤት ውሃ ሊያስገቡ ነው እንዴ?” አልኳቸው።

ሳቅ አሉና ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጉትቻ ነው። ሦስት ሮንዴላ፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ በመዳብ ሽቦ ተንጠላጥለው፣ የሽቦው ጫፍ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝዞ። እኔ በጭብጥ እየዘገንኩ ወረቀት ላይ የማፈሳት ሮንዴላ እንዲህ ታምራለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

“ጉድ እኮ ነው! በስተርጅና የሴት ጌጥ ሠሪ ሆነው አረፉት!” ብዬ ሳቅሁ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ግንበኞችም ሳቁ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ሮንዴላ ሆነው ቀሩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የጌጡን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ። ባለቤታቸው አንድ የወርቅ ሐብል ነበራቸው፤ ከእናታቸው የወረሱት፣ ለአንድ ልጃቸው ሊያወርሱ ቃል የገቡት። ባለቤታቸው ታመው አልጋ ሲይዙ ጋሽ ሮንዴላ ማንንም ሳያማክሩ ሐብሉን ሸጡት።

“ተኝታ እያለች ነው ከአንገቷ የፈታሁት” አሉኝ አንድ ቀን፣ በዚያ ወፍራም ጣታቸው የባንኮኒውን አቧራ እየጠረጉ። “ሐኪሙ አንድ መድኃኒት ይሞከር ብሎኝ ነበር። ትድናለች ብዬ እኮ ነው።”

አልዳኑም። ሴትዮዋ ከእንቅልፋቸው ነቅተው አንገታቸውን ሲዳብሱ ሐብሉ የለም። የጠየቁት ልጃቸውን ነበር። ልጅቷ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ምን ብላ ትመልስ? አታውቅማ። ሁለት ቀን ሙሉ አልጋውን ሲያስፈትሹ፣ ትራሱን ሲያስገለብጡ ቆይተው፣ ሐብሉ የት እንደገባ ሳያውቁ አረፉ። አባትየው ያን ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀምጠው ዝም ብለዋል። ልጅቷ ይቅር ያላለቻቸው ለመሸጣቸው ሳይሆን ለዚያ ዝምታቸው ነው።

ስለዚህ ሐብል ሊሠሩላት ተነሡ። ወርቅ ከየት ይመጣል፤ የሚያውቁት ነሐስና መዳብ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት እየሠሩ፣ ልጅቷ ወደምትሠራበት ፋርማሲ ይወስዳሉ። ትቀበላለች፣ “አመሰግናለሁ አባዬ” ትላለች፣ መሳቢያ ትከታለች። አንዱንም አንገቷ ላይ አይተውት አያውቁም። “መሳቢያው አንድ ቀን መሙላቱ አይቀርም” ይሉኝ ነበር እየሳቁ። እንዲህ ዓይነቱ ሳቅ አንጀቴን ይበላኛል።

ቤታቸውን ያወቅሁት ሞርሳ የገዙኝ ዕለት ነው። ሞርሳ ያው ብረት ቆንጥጦ የሚይዘው ከባዱ መሣሪያ ነው፤ በዚያ ጉልበታቸው አይሸከሙትም ብዬ ራሴ አደረስኩላቸው። አንዲት ክፍል ናት። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አሮጌ የምግብ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ ሮንዴላ፣ ዳዶና የሽቦ ቁርጥራጭ የሞላባቸው የማርማላታ ጠርሙሶች። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ክርናቸውን ባሳረፉ ቁጥር ይንገዳገዳል። ሞርሳውን ጫፉ ላይ ስናስረው በክብደቱ ቀጥ አለ። “እሰይ! ሠላሳ ዓመት እንቢ ያለኝን ጠረጴዛ ገራሽልኝ” ብለው መረቁኝ። ቁም ሣጥኑ በር ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ነጭ ልብስ ተሰቅሏል። “የእሷ ነው፤ ያገባችኝ ዕለት የለበሰችው” አሉኝ። በየወሩ ላስቲኩን ገልጠው ያናፍሱታል፣ ብል እንዳይበላው።

ወደ ማግኔቷ ልምጣ። ጋሽ ሮንዴላ ከቁልፋቸው ጋር የታሰረች፣ አውራ ጣት የምታክል ማግኔት አለቻቸው። ነሐስ በማግኔት አይያዝም፣ ብረት ይያዛል። ብረትን ነሐስ መሳይ ቀለም ነክረው የሚሸጡ ስላሉ፣ ዓይን የማይለየውን ማግኔት ይለየዋል። ሰውየው ታዲያ የሰጠኋቸውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ይዘረግፉና አንድ በአንድ ማግኔቷን ያስጠጉበታል። ይቺ አልተያዘችም፣ ወደ ቀኝ። ይቺም አልተያዘችም፣ ወደ ቀኝ። እኔ ደግሞ ቆሜ አያለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ይህንኑ ጀመሩ። አንድ ኮንትራክተር “ጋሼ፣ ይበርቱ፣ ዛሬ ክብሪቷን ሳይይዟት እንዳይሄዱ!” ብሎ አሾፈ። ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። ደሜ ፈላ።

“እኔን ነው ሌባ የሚሉኝ?” ብዬ ጮህኩባቸው፣ በኮንትራክተሩ ፈንታ በእሳቸው ላይ። “ሃያ ዓመት እዚህ ስቆም የሰው ዓይን አታልዬ አላውቅም! ካላመኑኝ ሌላ ሱቅ ሞልቷል፣ በሩ ያውና!”

“ኧረ እህቴ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው” አሉ። “የቧንቧ ሰው ልማድ ነው። ብረትና ነሐስ ተነካክተው ውሃ ካገኛቸው ብረቱ ያለቅሳል፤ ዝገት ያነባል። ለዚያ ነው እንጂ አንቺንማ…”

አላስጨረስኳቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል? ማግኔቷን ኪሳቸው ከተቱ፣ ሮንዴላዎቹን ሳይፈትሹ ሰብስበው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሱቄ ውስጥ አውጥተዋት አያውቁም። እኔም በልቤ “ልካቸውን አሳየኋቸው” አልኩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሱቁን ልከፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል።

“ልታገባ ነው” አሉኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጡኝ።

“ማን?”

“ልጄ ናታ! ትናንት ቤት መጣች። የእናቷን ልብስ ልትለብስ ነው፣ ወሰደችው። ወጥታ ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘አባዬ፣ ለዚያ ቀን ሐብል ሥራልኝ፤ አደርገዋለሁ’ አለችኝ። አደርገዋለሁ አለች፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አደርገዋለሁ!”

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አርባ አራት ትንንሽ ሮንዴላ ፈለጉ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱን በአንዱ ላይ አደራርበው በመዳብ ሊያስሩት ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። ከሳምንት በፊት የትንሿ ነሐስ ሮንዴላ ሣጥን ወደ ማለቁ ስለነበር አከፋፋዩ አዲስ አምጥቶልኝ ነበር። “ያው ናት፤ ፋብሪካው ብቻ ነው የተቀየረው” አለኝ። እኔም አዲሱን እንዳለ አሮጌው ሣጥን ላይ ገለበጥኩት። ሱቅ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሁለት ሣጥን የሚያስቀምጥበት ቦታ ማን አለው? አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ የበለጠ ያብረቀርቁ ነበር። እና ምን አደረግሁ? በሰው ደስታ ደስ ብሎኝ፣ ሣጥኑን በጣቴ እየበረበርኩ የሚያብረቀርቁትን እየመረጥኩ አወጣሁላቸው። “እነዚህን ይውሰዱ ጋሼ፣ ለሙሽራ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው” እያልኩ። ሌላ ደንበኛ ሲገባ ደግሞ የጎደለውን ካገኘሁት ዘግኜ ሞላሁት።

ጋሽ ሮንዴላ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ቁልፎቻቸው ሲንሿሹ ሰማሁ። ቀና ብለው ዓይኔን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ባዶውን አወጡና ሮንዴላዎቹን በመሐረባቸው ቋጠሩ። አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል እዋሻለሁ። “ይፈትሹ እንጂ ጋሼ” ብል ምን ነበረበት? አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ኩራቴ ዋጣት።

በሦስት ሳምንት ጨርሰው አመጡልኝ። ወትሮ ሮንዴላውን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፈትጉ አይሠሩም ነበር፤ እነዚህን ግን “አንቺ የመረጥሻቸው ስለሆኑ ማን ይነካቸዋል” ብለው እንዳሉ ትተዋቸዋል። ቢፈትጓቸውማ ልባሱ ተልጦ ጉዱ ያኔውኑ ይወጣ ነበር። ሐብሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። በዚያ መዶሻ በሚያክል ጣት እንዴት ተሠራ? ሲያነሱት እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፣ ሲንቀሳቀስ ድምፁ እንደ ዝናብ ጠብታ ነው። ዕንባዬ መጣ።

“ውይ፣ ክብሪቷ ረጠበች!” አሉና ሳቁብኝ። ያን ቀን ሳቃቸው ሳቅ ነበር።

ጋብቻው ላይ ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ማዘጋጃ ቤት ሲፈርሙ ልጅቷ ነጩን የእናቷን ልብስ ለብሳ፣ ሐብሉን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ብዕሩን ከማንሳቷ በፊት ሐብሉን በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ አባቷ ዞር አለችና ፈገግ አለች። ጋሽ ሮንዴላ ክንዴን ያዙኝ። “አየሽ? አድርጋዋለች” አሉ በሹክሹክታ። ክንዴ ላይ የጣታቸው ምልክት እስኪቀር ድረስ ነው የያዙኝ።

ከዚያ አትክልት ቦታ ፎቶ ሲነሱ ካፊያ ጣለባቸው፤ ሁሉም እየሳቀ ወደ አዳራሽ ሮጠ። አዳራሹ ሰው የታጨቀበት፣ የሚያፍን ሙቀት ነበር። ልጅቷ በየጠረጴዛው እየዞረች ሰው ትስማለች፣ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። እኔ ዘንድ ስትደርስ አንገትጌዋ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ጥላ መስሎኝ ዝም አልኩ። ሰዓት ያህል ቆይቶ የእናቷ እህት፣ አክስቷ፣ “ውይ! ልብስሽ!” ብላ ጮኸች።

ከአንገቷ ሥር እስከ ደረቷ ድረስ ቡናማ መስመር ወርዷል። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም። ከብዙዎቹ ሮንዴላዎች ሥር አንድ አንድ መስመር፣ በነጩ ልብስ ላይ። አክስትየው ጨርቅ በውሃ ነክራ ብትጠርገው ባሰበት፤ ዝገት እንደ ወጥ ጠብታ በውሃ ይለቃል እንዴ? ብረቱ ያለቅሳል ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሐብሉን ፈታችው። “የእማዬ ልብስ እኮ ነው” አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አባቷ ፊት ሄደች፣ “እንካ አባዬ” ብላ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አክስትየው የራሷን የወርቅ ሐብል ፈትታ አንገቷ ላይ አሰረችላት።

ጋሽ ሮንዴላ ሰው ሁሉ እያያቸው ሐብሉን ኪሳቸው ከተቱት። ቀጭ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰማሁት፤ እሳቸውም ሰሙት። እጃቸውን ቀስ ብለው መልሰው ሲያወጡት ቁልፎቹ አብረው ወጡ፤ ሐብሉ ማግኔቷ ላይ ተጣብቆ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባን ሁለታችን ብቻ ነን። ቀና ብለው ፈለጉኝ። አገኙኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ተነስቼ “የእኔ ጥፋት ነው!” ብዬ መጮህ ነበረብኝ። ያ ሲያሻው የሚጮህ አፌ የት እንደገባ እንጃ፣ ተቀምጬ ቀረሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ሐብሉን ፈታተው ሮንዴላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቦታ ከምረዋል። ሃያ አምስት ነሐስ፣ አሥራ ዘጠኝ ብረት። አሥራ ዘጠኙ የሚያብረቀርቁት ናቸው፣ ወይም የነበሩት።

“በእኔ ነው ጋሼ። ሣጥኑን ደባልቄው ነው። መርጬ የሰጠሁዎትም እኔ ነኝ” አልኩና እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙ።

“ማግኔቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች” አሉ።

“አስፈራርቼዎት እኮ ነው! በሰው ፊት አዋርጄዎት!”

“አዎ፣ ፈርቼሽ ነበር” አሉኝ። ሰው እንዲህ በግልጽ ፈራሁሽ ብሎኝ አያውቅም። “አንቺ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ልጄን አስቀየምኩ። ያኔም እንዲሁ ነው፤ እናቷ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

“ሄጄ ለልጅዎ እነግራታለሁ።”

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ግን ሄድኩ። ፋርማሲው ውስጥ ሰልፍ ጠብቄ፣ ተራዬ ሲደርስ፣ ሕመምተኛ በቆመበት ሁሉንም ዘረገፍኩላት፦ ሣጥኑን፣ አከፋፋዩን፣ ያን ቅዳሜ የጮህኩትን። ልጅቷ አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

“ገባኝ እትዬ” አለች። “ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ግን ልንገርዎት? አባዬ እጁ የነካው ነገር ሁሉ ከእማዬ ላይ አንድ ነገር ይወስዳል። መጀመሪያ ሐብሏን፣ አሁን ልብሷን። አውቆ እንዳላደረገው አውቃለሁ። ያኔም አውቆ ሊጎዳት አልነበረም። ደከመኝ እትዬ። አልጠላውም፤ ደከመኝ ብቻ።”

“አንዴ ብቻ ሄደሽ እዪያቸው” አልኳት።

“ልብሱን ሦስት ጊዜ አሳጠብኩት” አለች፣ ያልኳትን እንዳልሰማች። ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን ሽማግሌ “ማዘዣዎን ይስጡኝ” አለቻቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ከባሏ ጋር ሌላ ከተማ ገባች። ስትሄድ ፋርማሲው መሳቢያ ውስጥ የነበሩትን አሥራ አንድ ሐብሎች ለአክስቷ ሰጥታ ወደ አባቷ ላከቻቸው። አክስትየው በር ላይ አስረክባ ሄደች።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ሣጥን አውጥቼ ጣልኩት። የራሴን ማግኔት ገዝቼ በገመድ ባንኮኒው ላይ አሰርኩ። አሁን ደንበኛው ሳይጠይቀኝ የነሐስ ዕቃ ሁሉ ፊቱ ላይ እፈትሻለሁ። “ክብሪቷ ምን ነካት?” ይላሉ። ይበሉ።

ጋሽ ሮንዴላ ስድስት ወር ሱቄን አልረገጡም። ባለፈው ማክሰኞ መጡ። ከስተዋል፤ ኮታቸው የሌላ ሰው መስሏል። ከወንበሬ ዘልዬ ነው የተነሳሁት።

“ሁለት ሮንዴላ ስጪኝ” አሉ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! “ሊሠሩ ነው ጋሼ? እግዜር ይመስገን!” እያልኩ አዲሱን ሣጥን አወረድኩ፤ ሁለት አወጣሁና ማግኔቴን ሳብ አድርጌ የመጀመሪያዋን ልፈትሽ አስጠጋሁ። እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ።

“ተዪው፣ ብረትም ቢሆን ግድ የለም” አሉኝ። “ለጠረጴዛው እግር ነው። ሞርሳውን ሸጬው ይኸው እንደ ድሮው ይንገዳገዳል።”

ሁለቱን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ሳያዩዋቸው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።